የዱር አራዊትን በቴሌቪዥን መስኮት ስለ መመልከት



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር በብዙዎቻችሁ ቤት በምሽት የሚታይ ነው፤ ይኸውም በቴሌቪዥን መስኮት የሚቀርበው የዱር አራዊትና የምድረ በዳ ፊልም ነው። ይህ ፊልም እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በምን ጥበብ እንደሚሠራ፣ የቱ እውነተኛ የቱ ደግሞ የሰው እጅ የጨመረው እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም ተመልካቹ ከእርሱ ምን ይዞ መነሣት እንደሚገባው በየተራው ለመግለጽ እንሞክራለን። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን እኔን ወደዚህ ንግግር ያመጣኝ የአንድ ሕፃን ጥያቄ ነውና፣ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የንስሐ ልጆቼ ወደ ሆኑ ቤተ ሰብ ቤት ለጠበል ጸዲቅ ተጠርቼ ሄድሁ። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ቤተ ሰቡ ቴሌቪዥን ከፈተ። በመስኮቱም በታንዛኒያና በኬንያ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ታየ። ዊልደቢስት የሚባሉ፣ ግንባራቸው በሬ፣ እግራቸው አጋዘን የሚመስል የዱር ከብቶች በብዙ ሺህ ሆነው ከማራ ወንዝ ዳር ተሰብስበው ነበር። እነዚህ እንስሳት ቍጥራቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ዝናብንና ለምለም ሣርን እየተከተሉ ዓመቱን ሙሉ ይዞራሉ። ወንዙን በሚሻገሩበት ጊዜ አንዲት እናት ጥጃዋን አስከትላ ገባች፤ አዞውም ከውኃው ውስጥ ብድግ ብሎ ጥጃውን ያዘው። ከእኛ ጋር የተቀመጠ የ8 ዓመት ልጅ ጮኾ አለቀሰ።

እኔም ሳላስብ በቍጣ፣ «አጥፉት! ለሕፃን እንዲህ ያለውን ማሳየት ምን ይባላል?» አልሁ። እናቲቱም ደንግጣ አጠፋችው። ቤቱ ዝም አለ። ልጁ ግን እንባውን በእጁ እየጠረገ ወደ እኔ ተመለከተና፣ «አባቴ፣ ካጠፋነው ጥጃው ይድናል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወገኖቼ ሆይ፣ ቅኔ ቤትም መጻሕፍት ቤትም የገባሁ ሰው ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን መልስ አጣሁ። ራሱን ደባብሼ ነገሩን በሌላ ወሬ አስለወጥሁት። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የልጁ ጥያቄ አብሮኝ ተመለሰ። ስለዚህ ነገሩን ሳላውቅ ከመቍጣት ዐውቄ መናገር ይሻላል ብዬ፣ ይህን የሥራ ዓይነት ለመመርመር ተነሣሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ያገኘሁትን ነው። የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን፤ የአገራችን ሲሆን ዓ.ም. እያልን እንለየዋለን።

1ኛ፤ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

የሰው ልጅ አውሬን መመልከት የጀመረው ወይ ሊገድለው ወይ ሊሸሸው ነበር። አውሬን ለማየት ብቻ መመልከት ኋላ የመጣ ነገር ነው፤ ታሪኩም ከጠመንጃ ጋር የተያያዘ መሆኑ ያስደንቃል። ኤቲየን ዡል ማሬ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ወፍ በአየር ላይ ክንፉን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ለማወቅ ይመኝ ነበር። የወፍ ክንፍ ከሰው ዐይን ይልቅ ፈጣን ስለ ሆነ፣ በ1882 ጠመንጃ የሚመስል የፎቶግራፍ መሣሪያ ሠራ። አፈ ሙዙን ወደ ወፊቱ አቅንቶ ምላጩን ሲስብ መሣሪያው በአንድ ሰኮንድ 12 ሥዕል ያነሣ ነበር። እነሆ፣ ወፏ ሳትወድቅ ተተኰሰች፤ ሰውም ከዚያ በፊት ያላየውን የክንፍ ምስጢር አየ።

በአሜሪካ ደግሞ ጆርጅ ሺራስ የሚባል ሰው ነበር። እርሱም በልጅነቱ የተማረው አደን ነበር፤ ሌሊት በታንኳ ተቀምጦ በብርሃን የአጋዘንን ዐይን እያፈዘዘ መግደልን ያውቅ ነበር። ኋላ ግን ጠመንጃውን ትቶ በዚያው ታንኳ፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። እነዚያ ሥዕሎች በ1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት ታትመው ብዙ ሕዝብ ተደነቀባቸው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ የገበሬ ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ወፎችን ሳያስደነግጡ ለመቅረብ ሲሉ ከበሬ ቆዳ በተሠራ ባዶ አካል ውስጥ ገብተው በሜዳ ላይ ይቆዩ ነበር። ሰው ስለ አንዲት ወፍ ጎጆ በበሬ ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ ቢያዩት የሚስቁ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም በትዕግሥት ካልሆነ በቀር ፍጥረት ምስጢሩን ለማንም አይገልጥም።

ከዚህ በኋላ ቴሌቪዥን መጣ። በ1954 የእንግሊዝ የሬድዮና የቴሌቪዥን ድርጅት፣ ቢቢሲ የሚባለው፣ ዴቪድ አተንቦሮ የሚባል ጐልማሳ ወደ ሩቅ አገር እየሄደ አራዊትን የሚያሳይበት ዝግጅት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የጕዞው ምክንያት እንስሳትን ይዞ ለሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ ለማምጣት ነበር። ይኸው ሰው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ በ13 ክፍል የቀረበ «ሕይወት በምድር ላይ» የሚል ትርጕም ያለው ትልቅ ሥራ አቀረበ። በዚያም ውስጥ በሩዋንዳ ተራራ ላይ በጎሪላዎች መካከል ተቀምጦ፣ ግልገሎቹ በላዩ ላይ ሲጫወቱ ታየ። በዚህ ጊዜ ወጥመድም ቀፎም አልያዘም፤ በሣሩ ላይ ተጋድሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገር ነበር።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ደረጃ እናያለን። መጀመሪያ ሰው አውሬውን ሊገድለው ሄደ፤ ሁለተኛ ይዞ ሊያስረው ሄደ፤ ሦስተኛ ሊያየው ብቻ ሄደ። ይህም ለውጥ ያለ ጸጸት የመጣ አይደለም። ዣክ ኩስቶ የሚባለው ፈረንሳዊ የባሕር ሰው በ1956 ያወጣው ስለ ባሕር ጥልቀት የሚናገር ፊልም፣ ከፊሉ በጐረቤታችን በቀይ ባሕር የተነሣ፣ በካን ከተማ የመጀመሪያውን ሽልማት አግኝቷል። በዚያ ፊልም ውስጥ ግን መርከበኞቹ በድማሚት ዓሣዎችን ሲገድሉ፣ ሻርክ የሚባሉትን ትላልቅ ዓሣዎችም በቍጣ ሲደበድቡ ይታያል። ይኸው ኩስቶ በኋለኛው ዘመኑ ባሕርን ለመጠበቅ የሚሟገት ሰው ሆነ፤ በ1973ም ለዚሁ ዓላማ ማኅበር አቋቋመ። ብዙ ያየ ዐይን እጅን ሊከለክል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በጥቂት ቤት ብቻ ይገኝ የነበረው መስኮት ዛሬ በከተማ ቀርቶ በገጠርም ገብቷል፤ ከዚያም አልፎ በኪስ ስልክ ላይ ይታያል። ስለዚህ ያ ሕፃን ያየውን ዛሬ የማያይ ልጅ ጥቂት ነው።

2ኛ፤ በምን ጥበብ እንደሚሠራ

ብዙ ሰው ፊልሙን ሲያይ አውሬው የታየበትን 5 ደቂቃ እንጂ የተጠበቀበትን ወራት አያስብም። «ፕላኔት ኧርዝ» የተባለው የ2006 ሥራ 5 ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ሠራተኞቹም ከ200 በላይ በሆኑ ሥፍራዎች ተሰማርተዋል። የበረዶ ነብር የሚባለውን ብርቅ አውሬ በፓኪስታን ተራራ ላይ ለማንሣት በብርድ ውስጥ ሆነው ለረጅም ጊዜ ሲጠብቁ ኖረዋል። ባሕታዊ በዋሻ እንደሚቀመጥ የፎቶግራፍ ሠራተኛውም በድንኳኑ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ይራባል፣ ይበርደዋል፤ ብዙ ቀንም ምንም ሳያገኝ ይመሻል።

ጊዜን የሚያስረዝምና የሚያሳጥር ጥበብም አለ። ፊልም ማለት በአንድ ሰኮንድ 25 ያህል ሥዕል እየተከታተለ ሲያልፍ ዐይናችን እንደ አንድ እንቅስቃሴ የሚቀበለው ነገር ነው። ታዲያ መሣሪያው በአንድ ሰኮንድ 1000 ሥዕል ቢያነሣና ያ በ25 ሒሳብ ቢታይ፣ አንዷ ሰኮንድ 40 ሰኮንድ ትሆናለች። የጭልፊት ውርወራ እንደ ዝግታ ውዝዋዜ ሆኖ የሚታየን በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ደግሞ መሣሪያው በአንድ ቡቃያ ፊት ቆሞ በየሰዓቱ አንድ ሥዕል ብቻ ቢያነሣ፣ በ30 ቀን 720 ሥዕል ይሆናል፤ ይህም ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቅ አበባው በዐይናችን ፊት ሲፈነዳ እናያለን። ከዚህም በላይ ካሜራውን ከሄሊኮፕተር ላይ ሳይንቀጠቀጥ የሚይዝ መሣሪያ፣ ሰው አልባው ድሮን፣ አውሬው ራሱ ሲያልፍ የሚያነሣው የተደበቀ ካሜራ፣ በጨለማ የአካልን ሙቀት የሚያይ ሌንስ፣ እነዚህ ሁሉ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተጨምረዋል።

ስለ ድምፁ ግን ብዙ ተመልካች የማያውቀውን ልንገራችሁ። ካሜራው በረጅም ሌንስ አማካይነት አውሬውን ከሩቅ ያቀርበዋል፤ ድምፁ ግን ከዚያ ርቀት ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ የእግር ኮቴው፣ የአጥንት ስብራቱ፣ የውኃው ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ በከተማ ክፍል ውስጥ በሰው እጅ የሚሠራ ነው። በበረዶ ላይ የሚረማመደውን የድብ እግር ድምፅ ለመስጠት የበቆሎ ስታርች ዱቄት በከረጢት አድርገው የሚጨብጡ ባለሙያዎች አሉ። በላዩም ዜማ ይጨመርበታል፤ እኛም ስንሰጋ፣ ስንደሰት፣ ስናዝን አውሬው ብቻ ሳይሆን በገናውና ከበሮው ይመራናል ማለት ነው።

3ኛ፤ እውነቱና የተጨመረበቱ

ይህን ሁሉ መናገሬ ሥራውን ለማናናቅ አይደለም። ነገር ግን ምስክር የሆነ ሰው ምን እንዳየና ምን እንደ ጨመረ ለይቶ መናገር ይገባዋል። በዚህ ረገድ ከታወቁት ስሕተቶች አንዱ በ1958 ዲስኒ የተባለው ድርጅት ያወጣው ስለ ሰሜን በረሓ አራዊት የሚናገር ፊልም ነው። በዚያ ውስጥ ለሚንግ የሚባሉ የአይጥ ዘመዶች በገዛ ፈቃዳቸው ከገደል እየዘለሉ ወደ ባሕር ሲገቡ ይታያል። ፊልሙ ታላቁን የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ ዓለምም ለሚንግ ራሱን የሚያጠፋ እንስሳ ነው ብሎ አመነ። በ1982 ግን የካናዳ ቴሌቪዥን ነገሩን መርምሮ፣ እንስሳቱ ከሌላ ስፍራ ተገዝተው የመጡ፣ ባሕር በሌለበት አገር የተነሡ፣ ከገደሉም በሰው እጅ የተገፉ መሆናቸውን ገለጠ። እንግዲህ አስቡ፤ ምንም የማያውቅ ፍጥረት ተገፍቶ ሞተ፤ ከዚያም በላይ ራሱን ገደለ ተብሎ ስሙ ጠፋ። በሐሰት መመስከር በሰው ላይ ብቻ የሚሠራ በደል አይደለምና!

በ2011 ደግሞ በታየ ሌላ ሥራ ውስጥ የነጭ ድብ ግልገሎች በዋሻ ሲወለዱ ታዩ። ይህ በኔዘርላንድ አገር በአራዊት ማኖሪያ ውስጥ የተነሣ መሆኑ ሲታወቅ በእንግሊዝ ብዙ ክርክር ተነሣ። አዘጋጆቹ በሰሜን ዋልታ ዋሻ ውስጥ ካሜራ ማስገባት ለእናቲቱም ለሠራተኛውም አደገኛ ነው ብለው መልስ ሰጡ፤ ይህም ምክንያት ያለው ቃል ነው። ሥዕሉ እውነተኛ ግልገል ነበር፤ ነገር ግን ቦታው ሌላ ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ አንዱ ያልሆነውን ሆነ ብሏል፤ ሁለተኛው የሆነውን የት እንደ ሆነ አላስታወቀም። ተመልካች ይህን መለየት ይገባዋል።

ከሐሰት ይልቅ የሚያስቸግረው ግን መምረጥ ነው። አንበሳ በቀን ውስጥ እስከ 20 ሰዓት ድረስ ተኝቶ ይውላል፤ ሊያድን ሲነሣም ብዙውን ጊዜ ሳይሳካለት ይመለሳል። በፊልሙ ግን ሲሮጥና ሲጥል እንጂ ሲያዛጋ አናየውም። ስለዚህ ዱር ሁሉ ደም ብቻ መስሎን እንቀራለን። አዞውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ሳይበላ በትዕግሥት የሚጠብቅ ፍጥረት ነው፤ እኛ ግን የምናየው የያዘባትን ቅጽበት ብቻ ነው።

ሌላም የሚቀር ነገር አለ፤ እርሱም ሰው ነው። ይህን ያስተማረችኝ የዚያው ሕፃን አያት ናት። እኒህ እናት ከሰሜን ተራራ ግርጌ ከሚገኝ መንደር ለሕክምና ወደ ልጃቸው ቤት የመጡ ነበሩ። ሌላ ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ ቴሌቪዥኑ ስለ ሰሜን ተራሮች ያሳይ ነበር። ጭላዳዎች በገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው በጣቶቻቸው ሣር እየነቀሉ ይበላሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በዱር የማይገኝ፣ ኑሮው በሣር፣ መኝታው በገደል የሆነ እንስሳ ነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ እየሳቀ ሲያይ አያቲቱ ዝም አሉ።

«እናቴ፣ አገርዎን አይተው ደስ አላለዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ አገሩስ አገሬ ነው» አሉ። «ገደሉንም ዐውቀዋለሁ። ነገር ግን እረኛው የት ሄደ? ገብሱስ የት አለ? እኛ በልጅነታችን ማማ ላይ ወጥተን እነዚህን በወንጭፍ ስንመልስ ነው ያደግነው። አንድ ቀን የተዘናጋ ሰው አዝመራውን ያጣል። ይህን የሚያየው ሰው እኛ የሌለን አይመስለውም?»

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህ ቃል ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ጋር ተቈጥሮ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ለዚህም ከተደረገው አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲሰፍር መደረጉ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ በዚያ ተራራ ብቻ የቀረ፣ ቍጥሩም በመቶዎች ብቻ የሚቈጠር ስለ ሆነ መጠበቁ ግዴታ ነው። ነገር ግን ዋልያው እንዲኖር ቤቱን የለቀቀ ገበሬ እንዳለ፣ ፊልሙን የሚያይ ሰው ሊያውቅ ይገባዋል። በ2006ቱ ሥራ ውስጥ የአገራችን ኤርታሌ፣ ጭላዳና ዋልያ ታይተው ዓለም ተደንቋል። እኛም ስናይ በደስታ «የእኛ ነው» እንላለን። የእኛ ከሆነ ደግሞ የጥበቃው ሸክም ለተራራው ሰው ብቻ የሚተው አይደለም።

ሰውንና አውሬን በአንድነት ያሳየ ፊልም አልጠፋም። በ2016 በቀረበው በሁለተኛው «ፕላኔት ኧርዝ» ስለ ከተሞች በሚናገረው ክፍል ውስጥ የሐረር ጅቦች ታይተዋል። ሌሊት በጠባቡ መንገድ ሲመላለሱ፣ ከሰው እጅም ሥጋ ሲቀበሉ ዓለም አይቶ ጉድ አለ። ለሐረር ሰው ግን ይህ ከአባቶቹ የተቀበለው ኑሮ ነው። በሌላው ዘንድ የሚፈራውንና የሚናቀውን እንስሳ ጐረቤት ማድረግ እንደሚቻል እነርሱ ካሜራ ሳይመጣ በፊት ያውቁ ነበር።

4ኛ፤ የሕፃኑ ጥያቄ

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። «ካጠፋነው ጥጃው ይድናል?» መልሱ አይድንም ነው። ፊልሙ በተነሣበት ቀን ጥጃው ሞቷል፤ እኛ ብንዘጋውም ብንከፍተውም ወንዙ ይፈስሳል፣ አዞውም ይራባል። እኔ ያን ጊዜ «አጥፉት» ያልሁት ልጁን ከሐዘን ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ስመረምረው ግን ራሴን ከጥያቄው ለመጠበቅ ኖሯል።

ታዲያ ቸር የሆነ ፈጣሪ ስለ ምን አዞን ፈጠረ? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በመከራው ጊዜ ኢዮብ ብዙ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። የመጽሐፉን መጨረሻ የሚያነብ ሰው እግዚአብሔር ለኢዮብ የሰጠውን መልስ ሲያይ ይደነቃል። የመከራውን ምክንያት አልዘረዘረለትም፤ ነገር ግን የዱር አራዊትን አንድ በአንድ አሳየው፤ አንበሳን፣ ቍራን፣ የተራራ ፍየልን፣ የሜዳ አህያን፣ ሰጎንን፣ ፈረስን፣ ንስርን። ሁሉም ከኢዮብ ሥልጣን ውጭ የሚኖሩ፣ ኢዮብ ያልመገባቸው፣ ልደታቸውን ያልቈጠረላቸው ናቸው። ኢዮብም ተመለከተ፤ ዝም አለ። ይህን ያህል ብቻ ልንል እንችላለን፤ ዓለም በእኛ ልክ የተሰፋች ቀሚስ አይደለችም፤ የእኛን እንባ የሚያይ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለጥጃው ይቀርባል።

ነገር ግን የልጁን እንባ እንደ ከንቱ ነገር መቍጠር አይገባም። ያ እንባ መልካም ነው፤ የሚያስፈልገው መንገድ ማግኘት ብቻ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ጥጃ ከእጃችን ውጭ ነው፤ በበራችን ላይ ቆሞ ከጕልበቱ በላይ የተጫነው አህያ ግን በእጃችን ነው። ልጆቻችን በድንጋይ የሚወግሩት ውሻ በእጃችን ነው። በበዓል ዋዜማ እግራቸውን ታስረው፣ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ የሚወሰዱት ዶሮዎች በእጃችን ናቸው። አዞው የሚገድለው ርቦት ነው፤ እኛ ግን ሳይርበን የምናሠቃየው ስንት አለ? ለሩቁ ጥጃ አልቅሰን ለቅርቡ አህያ ካልራራን፣ እንባችን በመስኮቱ ላይ ደርቆ ይቀራል።

5ኛ፤ እንዴት እንመልከት?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተለውን ምክር እናገኛለን።

አንደኛ፣ ሕፃናት ብቻቸውን አይመልከቱ። ወላጅ አብሮ ይቀመጥ፤ ልጁ ሲጠይቅ አይቍጣ። የማያውቀው ነገር ቢጠየቅ «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ እኔ እንዳደረግሁት ጥያቄን በቍጣ መዝጋት ነው።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ይህን ለማሳየት ማን ስንት ቀን ቆመ? ያልታየው ነገር ምንድር ነው? ከዚህስ በኋላ እኔ ምን ማድረግ ይገባኛል? በ2017 በታየው ስለ ባሕር በሚናገር ሥራ ውስጥ አልባትሮስ የምትባል የባሕር ወፍ ጫጩቷን ፕላስቲክ ስታጐርስ ታይታ፣ በእንግሊዝ ብዙ ሰው ስለሚጥለው ቆሻሻ ማሰብ ጀምሯል። እኛም ከገበያ የምናመጣው ፌስታል በወንዛችን ዳር በከብታችን ሆድ ውስጥ እንደሚገኝ እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ መስኮቱን ከማየት ወደ ደጅ እንውጣ። ልጆቻችን የሰሜን ዋልታን ድብ ስም ያውቃሉ፤ ጽድን ከወይራ መለየት ግን ያቅታቸዋል። አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያቈዩት ደን አለ፤ በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያለ ደን የከበባቸው አብያተ ክርስቲያናት ከ1000 በላይ ናቸው። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶ ሲራቆት፣ ዝግባውና ኮሶው፣ ወፉና ጉሬዛው በዚያ አጥር ውስጥ ተጠልሎ ቀርቷል። ይህን ለማየት ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልግም፤ ጥቂት ዝምታ ይበቃል።

ይህን ምክር ለእናንተ ከመስጠቴ በፊት በራሴ ሞክሬዋለሁ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ያን ሕፃን ከአያቱ አስፈቅጄ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከአንድ ወይራ ሥር አስቀመጥሁት። «አሁን እኛ እንደ ካሜራ ሰዎች ነን፤ አንናገርም» አልሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልታየም። ልጁ ተቍነጠነጠ፤ እኔም ልቤ ወደ ሌላ ጕዳይ ሄደ። ከዚያ አንዲት ወፍ በአፏ ትል ይዛ መጣች። በቅጠሉ መካከል ጎጆ ኖሯል፤ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ብቅ አሉ። ወፏም አንዱን አጐረሰችና በረረች።

ልጁ በደስታ እጄን ጨበጠኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠና በለሆሳስ፣ «አባቴ፣ ትሉስ?» አለኝ።

በዚህ ጊዜ አላስለወጥሁትም። «ልጄ፣ እኔም ስለ ትሉ ዐስባለሁ። መልሱን ሁሉ አላውቅም። ትሉ ባይኖር ጫጩቷ በራብ ትሞት ነበር፤ ሁለቱንም የፈጠረ አንድ ነው፤ እርሱ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። አንተ ግን ይህን ጥያቄ እንዳትተወው» አልሁት። ልጁም ራሱን ነቀነቀና እንደ ገና ወደ ጎጆው ተመለከተ። ወፏ እስክትመለስ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅን፤ እርስዋም ተመለሰች።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ የቴሌቪዥኑ መስኮት መልካም መስኮት ነው። ነገር ግን መስኮት የተሠራው በእርሱ በኩል ወደ ውጭ ለማየት ነው እንጂ መስተዋቱን ሲያዩ ለመዋል አይደለም። እንግዲህ ያየነውን እንድናስተውል፣ ያስተዋልነውን እንድንጠብቅ፣ ከእጃችን በታች ላሉትም ፍጥረታት የምንራራ እንድንሆን የሁሉ ፈጣሪ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።